የእንጨት መዓዛና የመንፈስ ዕረፍት፦ ለአንባቢያን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

የተፈጥሮ እንጨት መዓዛ በሰው ስሜትና ጤና ላይ ስላለው ተጽዕኖ ከአንባቢያን የደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉ በመሆናቸው የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ ጥያቄ የያዙትን አጣምረን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ አልፋለሁ። ሠራተኞቹ እንጨት በሚልጉበት ሰዓት ከደረስሁ ሽታው ገና ሲያገኘኝ ቀኑን ሙሉ ተጨምድዶ የዋለው ትከሻዬ ሲላላ፣ ትንፋሼም ረገብ ሲል ይታወቀኛል። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ሐሳብሽ የፈጠረው ነው እንጂ እንጨት ሰውን አያረጋጋም» ይለኛል። ከሁለታችን ትክክሉ ማን ነው?

መልስ፦ የሚሰማዎት ለውጥ በሰውነት ውስጥ በእርግጥ ሊካሄድና በመሣሪያም ሊለካ የሚችል ነው፤ ባለቤትዎ ያነሡት ነጥብም ቢሆን መሠረት አለው። ጉዳዩን ለማየት ከእንጨቱ መነሣት ይሻላል። መላጊያ በእንጨት ላይ ሲያልፍ ሙጫና ዘይት አምቀው የያዙ ጥቃቅን ቋቶች ይቀደዳሉ፤ በውስጣቸው የነበሩት በቀላሉ የሚተኑ ውሕዶችም ወደ አየር ይወጣሉ። ከእነዚህ ውሕዶች ብዙዎቹ ተርፒን የሚባለው ወገን ናቸው። ዛፉ የሚሠራቸው ራሱን ለመከላከል ነው፤ ቁስሉን ይደፍንባቸዋል፣ እንጨት የሚቦረቡሩ ነፍሳትንና የሚያበሰብሱ ፈንገሶችንም ያርቅባቸዋል። ተርፒኖች ሁሉ የሚሠሩት አምስት ካርቦን ካለው አንድ ዓይነት አሃድ ነው። ሁለት አሃድ ሲጋጠም 10 ካርቦን ያላቸው፣ ሦስት ሲጋጠም 15 ካርቦን ያላቸው ውሕዶች ይገኛሉ። ይህ ልዩነት የኬሚስቶች ብቻ ጉዳይ ይምሰል እንጂ አፍንጫችን በሚገባ ያውቀዋል፤ 10 ካርቦን ያላቸው እንደ አልፋ-ፓይኒንና ሊሞኒን ያሉት ቀላል በመሆናቸው ቶሎ ይተናሉ፣ ገና የተቆረጠ የፓይን እንጨት የሚሰጠውን ጠንከር ያለ ትኩስ ሽታም የሚፈጥሩት እነርሱ ናቸው፤ 15 ካርቦን ያላቸው እንደ ሴድሮልና ሳንታሎል ያሉት ግን ከበድ ስለሚሉ ቀስ እያሉ ይተናሉ፣ የጥድና የሰንደል እንጨት ለዓመታት ይዞት የሚቆየው ለስላሳ መዓዛም ከእነርሱ የመጣ ነው። የእነዚህ ውሕዶች ጥናት ለኦቶ ቫላክ እ.ኤ.አ. በ1910፣ ለሊዮፖልድ ሩዚችካ ደግሞ በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ካስገኙላቸው ሥራዎች መካከል ነው።

አየር ወለዶቹ ውሕዶች ወደ አፍንጫ ሲገቡ ከላይኛው ክፍል የሚገኝ ጠባብ ሽፋን ላይ ያርፋሉ። በዚያ ላይ ሽታ ለመቀበል የተሰናዱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ሰው ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች እንዳሉት ይታወቃል። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል የእነዚህን ተቀባዮች ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አድርገው በ2004 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል፤ የሽታ መልእክት ግን በዚያ በኩል ሳያልፍ ስሜትን ወደሚመራው አሚግዳላና ትዝታን ወደሚያደራጀው የሂፖካምፐስ አካባቢ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ስለዚህ ሽታው ምን እንደሆነ ለይተን ስሙን ከመጥራታችን በፊት ደስ ሊለን ወይም ልንጨነቅ እንችላለን። የእርስዎ ትከሻ «እንጨት እየተላገ ነው» ብለው ሳያስቡ መላላቱ ከዚህ አሠራር ጋር የሚስማማ ነው።

በሰው ላይ የተደረጉ ልኬቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት 26 ጤነኛ ሰዎች ሴድሮልን በትንፋሽ ሲወስዱ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ቀንሷል፤ ሰውነትን የሚያሳርፈው የነርቭ ክፍል ሥራም በርትቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በጃፓን 13 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አልፋ-ፓይኒንን ለ90 ሴኮንድ ብቻ አሽትተው የልብ ምታቸው ዝግ ሲል ተመዝግቧል። ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ የመረጧቸው ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውንና በአንገታቸው በተከፈተ ቀዳዳ የሚተነፍሱ ሰዎችን ነበር። በእነዚህ ሰዎች ላይ ሴድሮሉ በአፍንጫ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ታችኛው የአየር ቧንቧ ይገባል፤ እንደዚያም ሆኖ የሚያረጋጋው ውጤት ታይቷል። ሰው ያላሸተተው ነገር ካረጋጋው፣ ቢያንስ ለዚህ አንድ ውሕድ፣ ውጤቱን በሐሳብ ብቻ መግለጽ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ መንገዱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ሊናሎል የተባለውና በአንዳንድ እንጨቶችም የሚገኘው ውሕድ አይጦችን ከፍርሃት ሲያረጋጋ፣ የማሽተት ችሎታቸውን ባጡ አይጦች ላይ ግን ይህ ውጤት እንዳልታየ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ አንዳንዱ ውሕድ በሳንባና በደም በኩል፣ ሌላው በአፍንጫ ነርቭ በኩል እንደሚሠራ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልመለስ። ራሄል ኸርዝና ጁሊያ ፎን ክሌፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች የፓይን ዘይት አቅርበው አንድ ጊዜ «የገና ዛፍ ነው»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የቤት ማጽጃ ፈሳሽ ነው» ብለዋቸዋል። ዘይቱ ያው ሆኖ ሳለ ሰዎቹ የሰጡት ግምገማ እንደ ስሙ ተለዋውጧል። ከዚህም የምንረዳው ሽታ የሚያሳድረው ስሜት ከኬሚካሉ ብቻ ሳይሆን ከምንሰጠው ትርጉምና ከያዝነው ትዝታም እንደሚመነጭ ነው። በእንጨት ሥራ ቤት አካባቢ ደስ የሚል የልጅነት ዘመን ያሳለፈ ሰው የእንጨት ሽታ ሲያገኘው ያርፋል፤ በዚያው ቦታ አደጋ የደረሰበት ሰው ግን ያው ሽታ ሊያስጨንቀው ይችላል። ሆኖም «ሐሳብ ፈጠረው» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፤ ትዝታ ያመጣው ዕረፍትም የልብ ምትን በእውነት ይቀንሳል።

ከላይ የጠቀስኋቸውን ቁጥሮች አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ተሳታፊዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፣ አብዛኞቹም ጤነኞች፣ የተለካውም የአጭር ጊዜ ለውጥ ነው። በዚያ ላይ የስኳር እንክብል ሰጥቶ «መድኃኒት ነው» ማለት ቢቻልም መዓዛን ግን ከተሳታፊ መሰወር አይቻልም፤ የሚያሸት ሰው ማሽተቱን ያውቃል። ስለዚህ የእንጨት መዓዛ የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ፣ መጠኑ ግን ልከኛ ነው። ትከሻን ማላላት ትልቅ ጸጋ ነው፤ በሽታን መፈወስ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱን የሚያቀላቅሉ ሻጮችን እንዳይሰሙ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ በቤቴ ውስጥ የምሠራበትን ክፍል መዓዛው በሚያረጋጋ እንጨት ማሰናዳት እፈልጋለሁ። የትኛው እንጨት ይሻላል? ሽታውስ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ እርስዎ የሚወዱትን ይምረጡ፤ ከላይ እንደተገለጸው የማይወዱት መዓዛ በላቦራቶሪ ቢመሰገን እንኳን አያሳርፍዎትም። ከመግዛትዎ በፊት ቁራጩን በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ፈግፍገው ያሽትቱት። መዓዛው የሚኖረው በአብዛኛው በግንዱ መካከል በሚገኘው፣ ቀለሙ ጠቆር ወይም ቀላ ባለው ክፍል እንጂ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ነጣ ያለ ክፍል አይደለም፤ ዛፉ መከላከያውን የሚያከማቸው በመካከለኛው ክፍል ነውና። ከጥድ ወገን የሆኑት ደረቅና ለስላሳ መዓዛ አላቸው፤ እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣውን ሽታ የሚወድ ሰው ይህን ወገን ይወዳል፣ ለረጅም ዘመን የእርሳስ እንጨት የነበረው ከሰሜን አሜሪካ የሚገኝ አንድ የጥድ ዝርያ ነበርና። ፓይን ደግሞ ትኩስና ንቁ የሚያደርግ ሽታ አለው፤ ነገር ግን በእቶን ሙቀት የደረቀ ከሆነ ቶሎ ከሚተኑት ውሕዶች ብዙውን ክፍል በማድረቂያው ውስጥ ያጣል። አርዘ ሊባኖስ ጠንካራ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ በብዛት ሲሆን ይከብዳል።

ስለ ሰንደልና ስለ አማዞን ሮዝውድ የምናገረው አለኝ። የሕንድ ሰንደል በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ዝርያዎች ተቆጥሯል፤ መዓዛው በግንዱ መካከል ተከማችቶ ለመቁረጥ እስኪበቃም ረጅም ዓመታት ይፈጃል። በሊናሎል የበለጸገው የአማዞን ሮዝውድም ለሽቶ ዘይት ሲባል እጅግ ከመመናመኑ የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ፈቃድ በሚያስፈልጋቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ምንጩ በግልጽ ካልታወቀ በቀር ሁለቱን ባይገዙ እመክራለሁ፤ የእኛን ክፍል ለማሳረፍ ደን መራቆት የለበትም።

ሽታውን ስለማቆየት፦ ቫርኒሽና ቀለም መዓዛውን ዘግተው ያስቀሩታል። ስለዚህ የሚነካካውንና የሚቆሽሸውን የውጭ ገጽ ብቻ ቀብተው የመሳቢያውንና የቁም ሣጥኑን ውስጥ ባዶውን ይተዉት። ከጊዜ በኋላ ሽታው ቢደክም እንጨቱ አልቆበት አይደለም፤ ላይኛው ገጽ ስለተሟጠጠ ነው፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ አዲሱ ገጽ እንደገና ይሸታል። በሌላ በኩል ቀኑን ሙሉ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አፍንጫ በደቂቃዎች ውስጥ ሽታውን ይለምደውና መስማት ያቆማል። ያን ጊዜ መዓዛ መጨመር ስሕተት ነው፤ ጥቂት ወጥቶ መመለስ ይበቃል። እኔ በግሌ ክፍሉን በሙሉ በእንጨት ከመለበድ ይልቅ አንድ ያልተቀባ ሣጥን ከፍቶ መዝጋት የተሻለ ይመስለኛል፤ የሚመጣና የሚሄድ መዓዛ ከማይለቅ መዓዛ ይልቅ ይሰማል።

ጥያቄ፦ በቤት ውስጥ የእንጨት መዓዛ ማግኘት በጫካ ውስጥ ከመንሸራሸር ጋር እኩል ነውን?

መልስ፦ እኩል አይደለም፤ ነገር ግን የመዓዛው ድርሻ ለብቻው ምን ያህል ነው የሚለው ተመራማሪዎችንም ያሳሰበ ጥያቄ ነው። የሩሲያው ባዮሎጂስት ቦሪስ ቶኪን እ.ኤ.አ. በ1928 ዕፅዋት የሚያመነጯቸው ተናኝ ውሕዶች ጀርሞችን እንደሚያጠፉ ገልጾ ፊቶንሳይድ ብሎ ሰየማቸው። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በጫካ አየር ውስጥ መንሸራሸርን ለጤና የሚበጅ ልማድ አድርጎ ለሕዝብ ማስተዋወቅ ሲጀምር ይህ ሐሳብ ከኋላው ነበር። በኋላም ዶክተር ቺንግ ሊ መዓዛውን ከጫካው ለመለየት ሲሉ 12 ወንዶችን ወደ ደን ሳይወስዱ በከተማ ሆቴል ሦስት ሌሊት አሳድረው በክፍላቸው ውስጥ ሂኖኪ ከተባለው የጃፓን ዛፍ እንጨት የወጣ ዘይት እንዲተን አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በሽንታቸው የተገኙት የጭንቀት ሆርሞኖች፣ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን፣ ቀንሰዋል፣ በሽታ ከሚከላከሉት የደም ሕዋሳት የአንዱ ወገን ሥራም ጨምሯል። ሰዎቹ ጥቂት ቢሆኑም የአሠራሩ ብልሃት ያስመሰግናል።

ከዚህ ባሻገር ጫካ የሚሰጠው ብርሃን፣ ጸጥታ፣ የእግር ጉዞና ከሥራ መራቅ በጠርሙስ አይገባም። በእንግሊዝ ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውና የደስታ ስሜታቸው የተሻለ ሆኖ እንዳገኘ ዘግቧል፤ እርግጥ ነው፣ ጤነኛ ሰው ይበልጥ መንሸራሸሩም በውጤቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሚሄዱ ከሆነ ሞቅ ያለ ቀን ይምረጡ፤ ዛፎች የሚለቁት ተርፒን ከሙቀት ጋር በፍጥነት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ አዲስ ቁም ሣጥን ገዝተን መኝታ ቤት ካስገባን ወዲህ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ ጠዋትም ራሴን እያመመኝ እነቃለሁ። ሻጩ «የእንጨት ሽታ ነው፣ ጤና ነው» ብሎናል። እውነት ነውን?

መልስ፦ እውነት አይመስለኝም፤ ጉዳዩንም በቀላሉ እንዳያልፉት እለምናለሁ። ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ሽታ ብዙ ጊዜ ከእንጨቱ ሳይሆን ከኮላው የሚመጣ ነው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚሠሩት የእንጨት ፍርፋሪን ወይም ጭረትን በሙጫ አጣብቆ በመጭመቅ ሲሆን፣ ለዚህ የሚውለው የዩሪያ-ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ለወራትና ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የተባለውን ጋዝ ቀስ በቀስ ይለቃል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት መድቦታል። የዓለም የጤና ድርጅትም በቤት ውስጥ አየር በ30 ደቂቃ አማካይ ከ0.1 ሚሊግራም በኩብ ሜትር እንዳይበልጥ መክሯል። ተፈጥሯዊ እንጨትም ጥቂት ፎርማልዴሃይድ ይለቃል፤ መጠኑ ግን እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሣጥኑን ከመኝታ ቤት አውጥተው አየር በሚገባበት ስፍራ በሩን ከፍተው ለሳምንታት ያቆዩት። ሙቀትና እርጥበት ጋዙን ስለሚያበዙት ክፍሉን ቀዝቀዝና ደረቅ አድርገው ይያዙ። ያልተሸፈነ የቺፑድ ጠርዝ ካለ ይሸፈን። በመዓዛ ዘይት ለማሸነፍ ግን አይሞክሩ። ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ጋዙን አያስወግደውም፤ እንዲያውም በዘይቱ ውስጥ ያሉት ተርፒኖች በአየር ውስጥ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኙ ራሳቸው ተጨማሪ ፎርማልዴሃይድና ረቂቅ ብናኝ ይፈጥራሉ። ሕመሙ ከቤት ሲወጡ የሚተው፣ ሲመለሱ የሚነሣ ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአባቴ ሞት በኋላ ድብርት ይዟት ሐኪም መድኃኒት አዞላታል። እንቅልፍም የላትም። አንድ ዘመድ የአርዘ ሊባኖስ ዘይት አምጥቶ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ክኒኑን ተይው» ስላላት መድኃኒቷን መውሰድ አቁማለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በዚህ ጉዳይ መልሴ አጭርና ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ዛሬውኑ ሐኪሟን ያነጋግሩ። የድብርት መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ የባሰ እንቅልፍ ማጣትና የሕመሙን መመለስ ሊያስከትል ይችላል፤ መጠኑን መቀነስም ሆነ ማቆም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ የሚደረግ ነው። ራሷን ስለመጉዳት የምትናገር ከሆነ ብቻዋን አይተዉአት፣ በፍጥነትም ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። አልፋ-ፓይኒን የአይጦችን እንቅልፍ እንደሚያስረዝም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በእርግጥ አሳይቷል፤ ውሕዱ የታወቁት የእንቅልፍ መድኃኒቶች የሚይዙትን የአንጎል ተቀባይ ይነካል። ነገር ግን ለአይጥ በተሰጠ መጠንና በክፍል ውስጥ በሚሸት መዓዛ መካከል ሰፊ ርቀት አለ። የእንጨት መዓዛ ከባድ ድብርትን ስለመፈወሱ ሕክምናን ለማስቀረት የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

ዘመድዎ በፍቅር እንዳደረጉት አልጠራጠርም። ዘይቱንም መጣል አያስፈልግም፤ እናትዎ ሽታውን ከወደዱት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ በመኝታ ሰዓት ጥቂት ቢሸታቸው አይጎዳም። በተለይም አባትዎ የሠሩት ወይም የተጠቀሙበት የእንጨት ዕቃ በቤት ካለ፣ እናትዎን ሳይጫኑ ሽታው ምን እንደሚያስታውሳቸው ይጠይቋቸው። ሐዘን ለያዘው ሰው መዓዛ አንዳንዴ ያጽናናል፣ አንዳንዴም ቁስል ይቀሰቅሳል፤ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ አናጺ ነኝ። ሥራዬን የወደድሁት በእንጨት ሽታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አሁን አሁን ግን ሽታው አይሰማኝም፤ ሰጋቱራው በበዛበት ቀን ደረቴን ያፍነኛል፣ ማታ ማታም ያስለኛል። ተፈጥሯዊ ነገር ስለሆነ አይጎዳኝም ብዬ ጭንብል አላደርግም።

መልስ፦ መዓዛውና ብናኙ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሁሉ አስቀድሞ ልንገርዎት። ተፈጥሯዊ መሆን ከጉዳት አያድንም። የእንጨት ብናኝ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች መካከል ተመድቧል፤ በተለይ ከጠንካራ እንጨቶች ብናኝ ጋር ተያይዞ የታወቀው የአፍንጫና የአካባቢው ካንሰር ነው። በመዓዛው እጅግ የሚወደደው የምዕራብ አሜሪካ ቀይ ሴዳር ደግሞ ፕሊካቲክ አሲድ የተባለ ውሕድ ስላለው በሠራተኞች ላይ አስም በማስከተል ይታወቃል። የዚህ አስም ልዩ ጠባይ ብዙ ጊዜ ከሥራ ሰዓታት በኋላ፣ በማታና በሌሊት ሳል ሆኖ መምጣቱ ነው፤ ሠራተኛው ከሥራው ጋር ሳያያይዘው ይቆያል፣ በብናኙ ውስጥ መሥራቱን በቀጠለ ቁጥርም ሥራውን ካቆመ በኋላ እንኳን ሊያገግም የማይችልበት ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል። የእርስዎ ሳል ማታ መሆኑ ያሳስበኛል። የትንፋሽ ምርመራ ያድርጉ፣ የምትሠሩባቸውን የእንጨት ዓይነቶች ዝርዝርም ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።

እስከዚያው ድረስ ብናኙን ከመጋዙ ሥር በሚስብ መሣሪያ ያስወግዱ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት ወይም በመምጠጫ ይውሰዱት፣ ብናኝ የሚከላከል ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭንብል ያድርጉ። በጭንብል ምክንያት ሽታው ይቀርብኛል ብለው እንዳይሰጉ፤ የብናኝ ጭንብል ጥቃቅን ጠጣሮችን ይይዛል እንጂ አብዛኛውን መዓዛ ያሳልፋል። በእጅ መላጊያ ሲልጉ የሚወጣው ረጅም ልጥ ደግሞ ከማሽን መፈግፈጊያ ጋር ሲነጻጸር የሚያስነሣው ረቂቅ ብናኝ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚወዱትን መዓዛ በዚያ ማግኘት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሕፃን ልጅና ድመት ባለበት ቤት የእንጨት ዘይት ማትነን ወይም መዓዛ ያለው እንጨት ማጨስ ችግር አለውን?

መልስ፦ አለው። ጭስ መዓዛው ምንም ቢጥም ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባ ረቂቅ ብናኝ ይዟል፤ ሕፃን ባለበት የተዘጋ ክፍል እንዳያጨሱ። የታመቀ ዘይት ከእንጨት ቁራጭ ጋር አይወዳደርም፤ ከካፉር ዛፍ እንጨት የሚወጣው ካፉር በጥቂቱ እንኳን ሲዋጥ በሕፃናት ላይ የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥን ያስከትላል። ጠርሙሶቹ ተቆልፈው ይቀመጡ። ድመቶችም በጉበታቸው ውስጥ እንዲህ ያሉትን ውሕዶች ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሚያንሳቸው ዘይት በሚተንበት ክፍል መዘጋት የለባቸውም። ያልተቀባ የእንጨት ዕቃ ግን ለሁለቱም የሚያሰጋ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአንድ ብርቱ ጉንፋን በኋላ ማሽተት ካቆምሁ ወራት አልፈዋል። የአባቴ የመጻሕፍት ሣጥን ሲከፈት የሚሰጠውን የጥድ ሽታ ማጣቴ ከምግብ ጣዕም ማጣት ይልቅ ያሳዝነኛል። ይህን ለሰው ስናገር ይገርማቸዋል። መመለሻ አለውን?

መልስ፦ ሐዘንዎ አይገርምም። ማሽተት ያጡ ሰዎች ድብርት እንደሚበዛባቸው በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ሽታና ስሜት በአንጎል ውስጥ ያላቸውን ጉርብትና ከላይ አይተናል። ተስፋም አለ። የሽታ ነርቮች ራሳቸውን የሚያድሱ በመሆናቸው ከቫይረስ በኋላ የጠፋ ማሽተት በብዙዎች ላይ ቀስ እያለ ይመለሳል። በጀርመን ድሬስደን ፕሮፌሰር ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት የማሽተት ልምምድም ይህን እንደሚያግዝ አሳይቷል። ታካሚዎቹ የጽጌረዳ፣ የባሕር ዛፍ፣ የሎሚና የቅርንፉድ ሽታዎችን ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንታት ሲያሸቱ ማሽተታቸው ልምምድ ካላደረጉት ይልቅ ተሻሽሏል። እያንዳንዱን ሽታ ለጥቂት ሴኮንዶች በዝግታ ያሽትቱ፣ በዚያው ጊዜም ሽታው ምን እንደነበር በሐሳብዎ ለማምጣት ይጣሩ። ከአራቱ ጎን የሣጥኑን እንጨት አምስተኛ አድርገው ቢጨምሩት እኔ እደግፋለሁ፤ የሚወዱት ሽታ ልምምዱን እንዳያቋርጡ ያደርግዎታል። መጀመሪያ ላይ ምንም ባይሰማዎ ወይም ሽታው ተዛብቶ ቢመጣ እንዳይተዉት፣ መዛባቱ ብዙ ጊዜ ነርቮቹ እያገገሙ ለመሆናቸው ምልክት ነውና። ከመጀመርዎ በፊት ሌላ ምክንያት እንደሌለ እንዲያረጋግጥልዎ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይይዎት። ማሽተትዎ እስኪመለስም በቤትዎ የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያስገጥሙ፤ የሚቃጠልን ነገር አሽትቶ የሚነግርዎ ሰው ሁልጊዜ አጠገብዎ ላይኖር ይችላል።